ደመራውን ከሐጂ ጣራ ላይ ሳየው

እኔ ጆንያ ጠጋኝ ነኝ። መርካቶ፣ እህል በረንዳ ውስጥ የተቀደደ ጆንያ በወስፌና በሲባጎ እየሰፋሁ አርባ ዓመት አልፎኛል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ቢኖር አብዛኛው ጆንያ ላይ የተጻፈውን ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ጎርበጥ ቢላችሁ ታገሡኝ። ሽማግሌ ሲያወራ ይንዛዛል፤ ሲጽፍ ደግሞ ይብስበታል።

የምነግራችሁ የአንድ ቀን ነገር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በመስቀል ዋዜማ፣ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ የሆነ።

ያን ጊዜ የሰፈራችንን ደመራ የምለኩሰው እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም። ድሮ ይለኩሱ የነበሩት አዛውንት ሲያርፉ ችቦው እጄ ላይ ቀረ፤ በዚያው ሃያ ስንት ዓመት ሄደ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ጆንያ ላይ አጎንብሼ የምውል ሰው ነኝ፤ በአጠገቤ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ማጅራቴን ነው። በዚያች ምሽት ግን ነጭ ጋቢዬን ለብሼ፣ ችቦዬን ይዤ ቀና ስል ሰፈሩ በሙሉ ጸጥ ብሎ ያየኛል። «ጋሽ ደምሴ፣ ይለኩሱት!» ይሉኛል። እናንተ ብትሆኑ ይህን ነገር ለሌላ ትለቃላችሁ? የጉራጌ ልጅ ነኝ፤ ለመስቀል አገር ቤት መግባት ወጉ ነው። ዘመዶቼ መኪና ሞልተው ሲወርዱ እንኳ እኔ «ደመራውን ማን ሊለኩሰው?» እያልኩ እቀር ነበር።

ደመራው የሚተከለው በሱቆች መካከል ባለች መስቀለኛ መንገድ ላይ ነበር። ጠባብ ናት። በአንድ በኩል የጥጋቡ ሥጋ ቤት አለ፤ በሌላው በኩል የሐጂ ይመር ፍራሽ ቤት። ሐጂ ይመር የወሎ ሰው ነው፤ እኩያዬም ወዳጄም ነው፤ አንተ እንባባላለን። ስፖንጅ ፍራሽ እስከ ጣራው ቆልሎ ይሸጣል።

ይህ ሐጂ አንድ አመል ነበረው። ደመራው ሲለኮስ በየዓመቱ ሱቁ ጣራ ላይ ይወጣል። እሳቱ ሲንቦገቦግ እዚያ ላይ ሆኖ፣ ጨርቅ ነገር በሁለት እጁ ይዞ፣ ወዲያ ወዲህ እየዘለለ ያወናጭፋል። እኛ ከታች «ሐጂ ጨፈረ! ሐጂ ጨፈረ!» እያልን እናጨበጭባለን። እሱም ይስቅና እጁን ያነሳልናል። «መስቀልን ከእኛ ይልቅ ሐጂ ይወደዋል» ይባል ነበር በሰፈሩ። አንድ ዓመት ጥጋቡ «ዘንድሮስ ጭፈራውን አሳመረው!» ብሎ ለስላሳ በመሰላል አወጣለት።

ወደ ነገሬ ልምጣ። በዚያ ዓመት ከበዓሉ ሳምንት ሲቀረው ስብሰባ ተጠራ። የሰፈሩ ኮሚቴ ጸሐፊ መቅደስ ትባላለች፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ የምትሸጥ፣ ምላሷም እጇም ቀልጣፋ የሆነች ልጅ ናት። ተነሣችና፣

«ዘንድሮ ደመራችን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ይሁን» አለች። «ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። እዚህ ከላይ ሽቦ ነው፤ ከጎን ፍራሽና ላስቲክ ነው። እዚያ አሸዋና ውሃ አዘጋጅተን፣ ሰውም እንደልቡ ዞሮ ያከብራል።»

እኔ ብድግ አልኩ። «ልጄ፣ ይህ ደመራ አንቺ ሳትወለጂ እዚህ ይነድ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሱቅ ነክቶ ያውቃል? መስቀሉ ራሱ ይጠብቀናል።»

«መስቀሉማ ይጠብቀናል፣ ጋሽ ደምሴ። ትንሽ ብናግዘው ግን ይቀየመናል እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። የሳቀው በእኔ መሰለኝና እልህ ያዘኝ። «ደመራው ከቦታው ከተነሣ እኔን አትጥሩኝ!» አልኩና ቁጭ አልኩ። ሽማግሌ ማስከፋት ማን ይወዳል? እዚያው ይተከል ተባለ። አሸነፍኩ። ያን ዕለት ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ዋዜማው ደረሰ። ጠዋት እንጨቱ መጣ፤ ጎረምሶቹ ተክለው በገመድ አሰሩት። ቁመቱ የጥጋቡን ጣራ አልፎ ሄደ። ጫፉ ላይ አደይ አበባ አሰርንበት። እንዲህ ያማረ ደመራ አይቼ አላውቅም፤ በየዓመቱ እንዲህ ነው የምለው።

ረፋዱ ላይ የሐጂ ልጅ ዘይነባ ሥራ ቦታዬ መጣች። አሁን ሱቁን የምታስተዳድረው እሷ ናት። «ጋሽ ደምሴ፣ አባቴ የተለመደውን ጆንያ ስጡኝ ብሏል» አለችኝ። ሐጂ በየመስከረሙ ለመስፋት የማይሆን ውራጅ ጆንያ ይወስድ ነበር። ለዕቃ መጠቅለያ እየመሰለኝ ጠይቄውም አላውቅ። አሥራ አምስት ያህል ጠቅልዬ ሰጠኋት።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም እንደገና መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ጋሽ ደምሴ፣ እባክዎን አባቴን ይምከሩልኝ። ጉልበቱ አብጦ መቆም አቅቶታል። ጣራ ካልወጣሁ ብሎ አስቸገረኝ።»

«ይሄ ሰውዬ!» ብዬ ሳቅሁ። «ዘንድሮ ከታች ሆኖ ይጨፍራ! ወንበር አወጣለታለሁ።»

ዘይነባ አልሳቀችም። ፊት ፊት እየመራች ወሰደችኝ።

ሐጂን ያገኘሁት ከሱቁ ጓሮ፣ መሰላሉን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አንድ እግሩን የመጀመሪያው መወጣጫ ላይ አድርጎ ነው። ሌላው እግሩ ይንቀጠቀጣል። አጠገቡ አንድ በርሜል ውሃ አለ። ውሃው ውስጥ የእኔ ጆንያዎች ተነክረዋል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ውሃ?» አልኩት።

«ጆንያ ላጥብ ብዬ ነው።»

«በመስቀል ዋዜማ?»

«እና በረመዳን ላጥብልህ?»

«አባ፣ ንገራቸው» አለች ዘይነባ። «አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አንቺ ልጅ ዝም በይ!»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ዝም ብያለሁ! ጋሽ ደምሴ፣ አባቴ ጣራ ላይ ወጥቶ ጨፍሮ አያውቅም። ፍንጣሪ ነው የሚያጠፋው። እርጥብ ጆንያ ይዞ እሳት ሲያባርር ነው እናንተ የምታጨበጭቡለት!»

ሐጂን አየሁት። ሐጂ መሬት መሬቱን ያያል፤ ሰርቆ የተያዘ እንጂ ሃያ ዓመት የጠበቀን ሰው አይመስልም።

«እውነት ነው?» አልኩት።

«መጀመሪያው ዓመት ላይማ ነግሬያችሁ ነበር፣ ደምሴዋ» አለ ቀስ ብሎ። «‹ኧረ ነደድሁ!› ብዬ ጮህኩ። እናንተ እልል አላችሁ።»

ጋቢዬን አውልቄ ለዘይነባ ሰጠኋትና መሰላሉን ያዝኩ።

«ተው አትውጣ፣ ወላሂ ትወድቃለህ!» አለ ሐጂ።

«አንተ ስትወጣ የኖርክበት አይደለም እንዴ?»

ወጣሁ። ቆርቆሮው እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ተበሳስቷል። አንዳንዱ ቀዳዳ በሬንጅ ተደፍኗል፤ አንዳንዱ ገና ነው። ጥግ ላይ የዓምናው ጆንያ ቅሪት፣ ጫፉ የከሰለ፣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ስፌቱ የእኔ ነው፤ እጄን አውቀዋለሁ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ባልተደፈነችው ቀዳዳ ቁልቁል አየሁ። ከሥሬ ፍራሽ በፍራሽ ላይ ተደራርቧል።

ቀና ስል ደመራው አፍንጫዬ ሥር ነው። ከታች ሆኜ ሩቅ ይመስለኝ የነበረው፣ እጄን ብዘረጋ አደይ አበባውን ልቀጥፍ ምንም አልቀረኝም። የመብራት ሽቦው በመካከላችን ያልፋል። ሃያ ስንት ዓመት የለኮስኩትን ደመራ በሐጂ በኩል ሆኜ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እሳት የለውም ገና፤ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

«ለምንድን ነው ያልነገርከኝ?»

«ምን ብዬ?» አለ ሐጂ። «ዓመቱን ሙሉ አጎንብሰህ ነው የምትውለው። በዚያች ቀን ቀና ትላለህ፤ ሳይህ ደስ ይለኛል። ታዲያ ‹ደምሴ እሳትህን አጥፋልኝ› ልበልህ? ምን ችግር አለው፣ በዓመት አንድ ቀን ነው። አሁንም ደግፈኝና ልውጣ።»

«ማንም አይወጣም» አልኩት።

«ደምሴ! ስለ እኔ ብለህ የሰዉን በዓል እንዳታፈርስ! ስሜን እንዳታነሣ!»

እሱ ከኋላዬ ሲጮህ እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። መቅደስ ደመራው ሥር ቆማለች። ብንሸነፍም ይጠቅማል ብላ አሸዋ በማዳበሪያ እያስመጣች ነበር።

«መቅደስ፣ የሜዳው ፈቃድ አሁንም አለ?»

«ለምን፣ ጋሽ ደምሴ?»

«ተሸንፌያለሁ። ደመራውን እናዛውረው።»

ሰዓቷን አየች። «አሥር ሰዓት ሆኗል እኮ! ሳምንቱን ሙሉ ሲያኮርፉኝ ቆይተው አሁን ነው የሚሸነፉት?»

«ሽማግሌ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ቆጪኝ፣ ግን እየሄድሽ ቆጪኝ።»

ጥጋቡ ሽርጡን እንደታጠቀ ከሥጋ ቤቱ ወጣ። ሰዉም ተሰበሰበ።

«የምን ማዛወር ነው?» አለ ጥጋቡ። «የተተከለ ደመራ ሲነቀል ማን አይቶ ያውቃል? ባለፈው ሳምንት ‹ከተነሣ አትጥሩኝ› ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ።»

«እና ምን ተገኘ?»

ሐጂ ስሜን አታንሣ ብሎኛል። ግን እንዴት አድርጌ? «ሐጂ ጣራ ላይ ሲጨፍር አልነበረም» አልኩ። «የእኛን ፍንጣሪ በእርጥብ ጆንያ ሲያጠፋ ነበር። ‹ነደድሁ!› ሲል አጨበጨብንለት። ዛሬ ጉልበቱ እምቢ ብሎት መሰላሉ ሥር ቆሟል።»

መርካቶ ጸጥ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ዕለት ሰማሁ። ጥጋቡ አፉን ከፍቶ ጣራውን ተመለከተ። «ለስላሳ አውጥቼለት...» አለ።

አንዱ «ታዲያ ሁለት ጎረምሳ ጣራው ላይ እናውጣ» አለ።

«አይሆንም» አልኩ። «ሰው ጣራ ላይ አስቀምጠን ስንጨፍር ኖርን፤ በቃ። ዛሬ ሁሉም ከታች ይሁን።»

ለቡራኬ የመጡት ቄስ ከሰዉ መካከል ቆመው ይሰሙ ነበር። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። እሳቸውም ጥምጥማቸውን አስተካከሉና፣ «ንግሥት ዕሌኒ ጭሱ ወዳመለከታት ሄደች እንጂ ጭሱን ‹ወደ ቤቴ ና› አላለችውም» አሉ። «ምን ቆማችኋል? ተሸከሙ!»

ልጆቼ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይናችሁ ባያችሁት! ጥጋቡ ሽርጡን ወርውሮ የመጀመሪያውን ግንድ አቀፈ። ከጎጃም በረንዳ ተሸካሚዎች ጋሪያቸውን እየገፉ መጡ። ሽቦው እንዳይነካብን ደመራውን ከነእስሩ አጋድመን ሠላሳ ሰው ተሸከመው። ሱቃቸውን ሊዘጉ የነበሩ ሙስሊም ነጋዴዎች ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከትተው ትከሻቸውን አስገቡ። እኔ ፊት ፊት እየሄድኩ «ዞር በሉ! ሸክም ነው! ዞር!» እላለሁ።

አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ «ሙሽራ ነው ሬሳ?» ብላ ጠየቀች።

«ሙሽራ ነው! ቤት ቀይሮ ነው!» አላት ጥጋቡ እያለከለከ።

እልልታዋን ለቀቀችው። ከእሷ ተቀብሎ መንገዱ በሙሉ እልል አለ። ሚኒባስ መንገድ ተዘግቶበት ቆመ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የአሥር ሰው ቦታ ይዟል፤ ሒሳብ!» አለ። ተሳፋሪው ሳቀበት። ኋላ ሳይ ያ ረዳት ራሱ ወርዶ ከጫፉ ተሸክሟል።

ትልቁ መታጠፊያ ላይ ግን ጉድ ፈላ። ሲታጠፉ ገመዱ ጧ ብሎ ተበጠሰና ደመራው መንገድ ላይ ተዘረገፈ። አደይ አበባው ጭቃ ነካው። ሰማዩ ጠቁሯል፤ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፤ ከኋላ ክላክስ ነው። «አላልኳችሁም? የተተከለ አይነቀልም ብዬ ነበር!» አለ አንዱ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዳንዱ እጁን ማራገፍ ጀመረ። ሜዳው ሳንደርስ እዚያው ቢበተን፣ የበዓል አጥፊ እኔ ነበርኩ።

ኪሴ ውስጥ እጄን ሰደድኩ። ጆንያ ጠጋኝ ሲባጎ አያጣም። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ የኩንታል አፍ የምቋጥርበትን ቋጠሮ ጀመርኩ፤ በሁለት ዞሮ በሥር የሚገባ፣ በተጎተተ ቁጥር የሚጠብቅ ነው።

«መቅደስ፣ እዚህ ጋ ርገጪልኝ!»

በነጭ ቀሚሷ ግንዱን ረገጠችልኝ። «ጋሽ ደምሴ፣ ለኮሚቴ አባልነት ይመዘገባሉ?»

«መጀመሪያ ጥብቅ አርጊ፣ ከዚያ መዝግቢ።»

ሦስት ቦታ ቋጠርኩት። «አንሱ!» አልኩ። ተነሣ። ሰዉም እንደገና ትከሻውን አስገባ።

ሜዳው ስንደርስ የመቅደስ ጓደኞች ጉድጓዱን ቆፍረው፣ አሸዋውን ዙሪያውን አስቀምጠው ጠበቁን። ደመራው ትንሽ ተንጋዶ ቆመ፤ እንደ እኔ። ዝናቡም አንድ ሁለት ጠብ አለና ሐሳቡን ቀየረ።

ይህን ጊዜ ከበሩ በኩል ጩኸት ሰማን። ሁለት ተሸካሚዎች ጋሪ እየገፉ ገቡ። ጋሪው ላይ አዲስ ስፖንጅ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ፍራሹ ላይ ሐጂ ይመር ተቀምጧል። ዘይነባ ጎን ለጎን ትሮጣለች።

«ስሜን አታንሣ አላልኩህም፣ አንተ ከሃዲ!» አለኝ ከሩቁ።

«ጣራ ለምደሃልና ከፍ አድርገው እንዲያመጡህ ብዬ ነው!» አልኩት።

ጋሪው ከፊት ረድፍ ቆመ። ጥጋቡ ሄዶ የሐጂን ጉልበት ሳመ። ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ሐጂ ግን እየሳቀ የጥጋቡን ራስ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

ቄሱ ባርከው፣ ሦስት ጊዜ ዞረን ለኮስኩት። ተያያዘ። «እዮሃ!» ሲባል ሜዳው ሰፊ ነውና ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ አሮጊቱ ሁሉ ሳይጋፋ ዞረ። በድሮው ቦታ እነዚያ አሮጊቶች በየበራቸው ቀርተው እንደነበር ያን ዕለት ነው ያስተዋልኩት።

ሐጂ ጋ ሄጄ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። ፍንጣሪ ብን ባለ ቁጥር እጁ ሳይታወቀው ጆንያ ፍለጋ ይዘረጋል። በመጨረሻ ዘይነባ እጁን ያዘችለት።

«ደምሴዋ፣ ለካ ዘፈኑ እንዲህ ያምራል?» አለኝ። «እኔ እዚያ ላይ ሆኜ የምሰማው መንጫጫት ብቻ ነበር።»

ደመራው ማዘንበል ጀመረ። እናንተም ታውቃላችሁ፣ በየት በኩል እንደሚወድቅ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ያያል።

«በየት ሲወድቅ ነው ጥሩው?» አለ ሐጂ።

«ዘንድሮስ በፈለገው ይውደቅ!»

ወዘወዘና ወደ እግር ኳሱ ጎል በኩል ተጋደመ። ጥጋቡ «ጎል!» ብሎ ጮኸ። ሜዳው በሙሉ «ጎል!» አለ። ቄሱ ሳይቀሩ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ሳቁ።

እንግዲህ ያ ቀን ምን ለወጠብኝ? በዓል ከአባቶቻችን የወረስነው ነው እያልኩ ቦታውንም፣ ጥበቱንም፣ አደጋውንም አብሬ ወርሼ ነበር። እሳቱ ቦታ ቢቀይር መስቀሉ አይቀንስም፤ እንዲያውም የሚዞረው ሰው በዛ። ሁለተኛው ደግሞ ይህ ነው፤ «ምንም ደርሶ አያውቅም» ስንል ብዙ ጊዜ ምንም እንዳይደርስ አንድ ሰው በዝምታ ሲደክም ኖሯል ማለት ነው። እናንተም ርችት ከመተኮሳችሁ፣ ድንኳን ከመጣላችሁ፣ ድምፅ ማጉያ ከመስቀላችሁ በፊት የጎረቤታችሁን በር አንኳኩና «የእኛ ደስታ አንተ ጋ ሲደርስ ምን ይመስላል?» በሉት። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ነው በዓሉ የሚያምረው።

እኔ ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅሁት በዚያው ምሽት ለሜዳው ዘበኛ ነው። «የእኔ ወንድም፣ ያስቸገርንህ ነገር አለ?» አልኩት። እሱም ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «እኔስ ደስ ብሎኛል አባቴ፤ ብቻ ይሄን ሁሉ አመድ ነገ ማን ሊጠርገው ነው?» አለኝ።

ስለዚህ አሁን በየዓመቱ፣ ሰዉ በግንባሩ አመድ ተቀብሎ ወደየቤቱ ሲሄድ፣ እኔ መጥረጊያ ይዤ ሜዳው ላይ እቀራለሁ። ጥጋቡ በአካፋ ያነሳልኛል። ሐጂ ጥግ ላይ ወንበሩን አስቀምጦ ከዘራውን እየቀሰረ ያዘናል።

«ደምሴዋ፣ ከጎሉ ሥር ቀረህ!»

«አየሁት!»

«አላየኸውም! አጎንብሰህ እየው!»